ከፋብሪካው በር የቆመው ማሽን

እታፈራሁ ሶዶ ከተማ ውስጥ የተማሪዎች ሹራብ መሥራት ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመት አልፏታል። በእጅ የሚገፋው የሹራብ ማሽን ቀኝ ትከሻዋን ስለጎዳው፣ ኦቶና ሆስፒታል ያያት ሐኪም ሥራ እንድትቀንስ መከራት። እሷ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ለመግዛት ቆረጠች። ጉኑኖ የሚባል አካባቢ ያላትን የመሬት ድርሻ አከራየችና ያጠራቀመችውን ጨምራ ከቻይና አዘዘች።

ውሉ የመጣው በእንግሊዝኛ ነበር። ጎረቤቷ ጋሽ ጌታሁን ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆኑ መስመር በመስመር ተረጎሙላት። ከዋጋው ጎን «ኢ-ኤክስ-ደብሊው» የሚሉ ሦስት ፊደላት ሲያገኙ ጥቂት አሰቡና የማሽኑ ሞዴል ሳይሆን አይቀርም አሏት። ፈረመች፤ ገንዘቡም በባንክ ሄደ።

ከሁለት ወር በኋላ ፋብሪካው መልእክት ላከ። «ማሽኑ ታሽጎ በራችን ላይ ቆሟል፣ መቼ መጥታችሁ ትወስዳላችሁ?» ይላል። በስህተት የመጣ መስሏት ሳቀች። ጋሽ ጌታሁን ደግመው ሲያነቡት ግን ፊታቸው ተለወጠ።

አዲስ አበባ ያለ፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር በስልክ አስረዳት። ፊደላቱ ሻጭና ገዢ በዓለም ሁሉ የሚግባቡባቸው የማስረከቢያ ቃላት ናቸው። በእነዚህ ሦስት ፊደላት ከተፈረመ የሻጩ ኃላፊነት ከገዛ በሩ አያልፍም፤ መጫኑ፣ መርከቡ፣ ኢንሹራንሱና ጉምሩኩ የገዢው ነው።

«ሻጩ እስከ ጅቡቲ የሚያደርስበት ሌላ ቃል ነበረ እኮ። ሲፈርሙ የነገረዎት የለም?» አላት።

«ማን ይንገረኝ?» አለችው።

የማጓጓዣው ዋጋ በእጇ ከቀረው ብዙ እጥፍ ሆነ። ንግድ ጽሕፈት ቤት ብትሄድ፣ ሠራተኛዋ አንብባ ውሉ እንከን እንደሌለበት በአክብሮት ነገረቻት። ፋብሪካውም በትሕትና ነበር የሚጽፍላት። የሚጣሉት ሰው እንኳ ጠፋ።

ጋሽ ጌታሁን እሷን ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጠብቃ አስቆመቻቸው።

«ልጄ፣ አላውቀውም ማለት ነበረብኝ» አሏት አንገታቸውን ደፍተው።

የመጣችው ልትቆጣቸው ነበር። አቃታትና ክንዳቸውን ይዛ እስከ ቤታቸው ሸኘቻቸው።

መስከረም ሲደርስ ትከሻዋ አልችል ስላለ የሁለት ትምህርት ቤቶችን ሥራ ለሌላ ሰው ለቀቀች። በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ፎቶ ላከ። መጋዘኑ ስለሞላ ሳጥኑን ግቢ አውጥተውታል፤ ስሟ በትልቁ ተጽፎበታል፣ መሬቱ ርጥብ ነው።  እታፈራሁ ፎቶውን ይዛ ጋሽ ጌታሁን ዘንድ ሄደችና «ሳጥኑን ሸራ እንዲያለብሱልኝ ለፋብሪካው ጻፉልኝ» አለቻቸው።

በማግስቱ ከፋብሪካው «እሺ» የሚል መልስ መጣ።