መጥረጊያው «እርስዎ» የተባለ ጊዜ

ወደቡ ላይ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ለሁሉም «መጥረጊያው» ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው፣ ያውም በምስጋና። ከባሕሩ ወለል ላይ የሁሉንም መረብ የሚቦጫጭቅ ጉብታ ነበረ፤ «ድንጋዩ» ይሉታል። መጥረጊያው ከጀልባው ኋላ ወፍራም ሰንሰለት አስሮ እየተመላለሰ ጎተተና ወለሉን ልሙጥ አደረገው።

ያን ሰሞን መረቡ ሁሉ በዓሣ ተወጠረ። መጥረጊያው ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ማን ይቻለው! ከዚያ ዓሣው ድራሹ ጠፋ። ሰው ነፋሱንም ሙቀቱንም ሲያማርር እሱም አብሮ አማረረ።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ጠላቂ ነው፤ ውሃ ውስጥ ገብቶ የጀልባ ሆድ ይጠግናል። ቤታቸው ሲበላ «አንተ መጥረጊያ፣ ዳቦውን ወዲህ በለው» እያለ ሲቀልድበት ነው የኖረው። አንድ ቀን የጠፋ መልሕቅ ሊፈልግ ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ጠልቆ ዋለ። ማታ ማዕድ ላይ መጥረጊያውን «ዳቦውን ያቀብሉኝ» አለው።

ሚስቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ወንድሟ ግን የሚናገረው የምሩን ነበር። ድንጋዩ ድንጋይ አልነበረም አላት፤ ዛጎል ለባሽ የባሕር እንስሳት አንዱ ባንዱ ላይ እየተጣበቁ በስንት ዘመን የሠሩት ቤት ነው። ዓሣው እንቁላሉን የሚጥለው፣ ጫጩቶቹ ከትልልቆቹ የሚደበቁት፣ ሸርጣኑ የሚያድረው እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነበር። አሁን ያለው ስብርባሪና አሸዋ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ መጥረጊያው ዞረና «እርስዎ ሰንሰለቱን ሲያወጡ ምንም አላዩም?» አለው።

አይቶ ነበር። ሰንሰለቱ ላይ ዛጎሎቹ አፋቸውን ሲገጥሙ፣ አንዲት ሸርጣን ከነእንቁላሏ ስትንፈራገጥ በዓይኑ በብረቱ አይቶ፣ ማንም ሳያይበት በውሃ ጎማ አጥቦ መልሶ ጣላቸው።

«ድንጋይ መስሎኝ ነው» አለ።

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ።»

ከዚያ ወዲህ ጠላቂው «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብሎት አያውቅም። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። በሰው ፊት እንደዚያ በተባለ ቁጥር ፊቱ በእፍረት ይግላል።

ጠላቂው ከምግብ ቤቶች ባዶ ዛጎል እየሰበሰበ፣ አዳዲሶች እንዲጣበቁበት ቦታው ላይ መጣል ሲጀምር፣ መጥረጊያው ሳይጠራ ጀልባውን ይዞ መጣ። ሽታው የሚያጥወለውለውን ጆንያ እየተሸከመ ከረመ። አንዲት «አንተ» ለማግኘት ነው፣ ሌላ ምንም አልፈለገም።

በተከታዩ በጋ ጠላቂው ከውሃው ብቅ አለና አንድ አሮጌ ዛጎል አስጨበጠው። ላዩ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ አዳዲሶች ተጣብቀዋል፤ ከሥራቸው እንቁላል ያዘለች ሸርጣን ተሸጉጣለች።

«እኔም እኮ ድንጋይ መስሎኝ ሁለቴ አለፍኩት» አለ እየሳቀ። «አንተን ሳላምንህ ቀርቼ ስንቱን ጊዜ አስቀየምኩህ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

መጥረጊያው ያየውን ሊናገር አፉን ከፈተ። አብረዋቸው የመጡት ዓሣ አጥማጆች እያዩት ነው።

«ምንም አይደል» አለ።

ሸርጣኗን ቀስ አድርጎ ወደ ውሃው መለሳት። ጠላቂው መንገዱን ሙሉ «አንተ፣ አንተ» እያለ ሲያጫውተው፣ እሱ መሪውን ጨብጦ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።