በሣሩ መንገድ ወደ ቡታጅራ

ባለቤቴ ዕድሜውን የፈጀው በጭነት መኪና ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ አዲስ አበባ ሲመላለስ ወልቂጤ ለእሱ ቤት ሳትሆን መቆሚያ ነበረች። ምሳውን ይበላል፣ ልጆቹን ይስማል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና ይሄዳል። እኔ ደግሞ ከደሴ በአስተማሪነት ተመድቤ መጥቼ፣ እሱን አግብቼ እዚሁ የቀረሁ ሴት ነኝ። ትዳራችን ጥሩ ነበር። ብቻ አብረን ያሳለፍነው ጊዜ ተጠራቅሞ ቢታይ ብዙ አይሆንም።

መንዳቱን ያቆመው ጆሮውን ታሞ ነው። ሞተሩ ጠፍቶም ድምፁ ከጭንቅላቱ አልወጣ አለው። ቤታችን ከአስፋልቱ አይርቅም፤ ሚኒባሱ ይጮኻል፣ ባጃጁ ይንጣጣል፣ እሱ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ ይተኛል። ሐኪሙ «ጸጥ ያለ ቦታ ፈልግ» አለው።

«የት ነው እሱ?» ብሎ ቢጠይቀው ሐኪሙ ሳቀ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ያገለገሉ ሳይክሎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አገኘሁ።

«ሁለተኛው የማን ነው?» አልኩት።

«ያንቺ።»

«የኔ? በዚህ ዕድሜዬ? ተማሪዎቼ ቢያዩኝስ?»

«ይዩሽ። አስተማሪያቸው አይደለሽ? ይማሩ።»

እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ከተማው ሳይነቃ፣ ሜዳ ላይ ወስዶ አስተማረኝ። ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ቀሚሴ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ተቀደደ፤ ከዚያ ወዲያ ሱሪ ለበስኩ። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ «አትይኝ! ወደፊት እይ!» ይለኛል። አንድ ጊዜ ዞር ስል ለካ ከለቀቀኝ ቆይቷል፤ ሜዳው መሀል ቆሞ በሁለት እጁ ያጨበጭባል። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡን የነገረኝ። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር በእግር የሄደበት መንገድ አለ፤ በቸሃ መንደሮች አልፎ፣ ጉመር ወጥቶ፣ ቡታጅራ የሚወርድ። መኪና የማይገባበት።

ጀፎረ የሚባለውን እዚህ አገር ያልኖረ ሰው ላያውቀው ይችላል። በመንደሩ መካከል እንደ ወንዝ የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል፤ ከጀርባቸው እንሰቱ አለ። ሰርጉም፣ ለቅሶውም፣ የሽማግሌዎች ጉባኤውም እዚያ ነው። ማንም አያርሰው፣ ማንም አያጥረው።

የወጣነው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ለበዓሉ ከየከተማው የመጣው ሰው ተመልሶ፣ መንደሮቹ ጠግቦ እንደተኛ ሰው ጭጭ ብለው ነበር። አስፋልቱን ትተን ሣሩ ላይ ስንገባ መጀመሪያ የጎማችን ድምፅ ጠፋ። ከዚያ የከተማው ጫጫታ ከኋላችን ቀጠነ፣ ቀጠነና ተቆረጠ። የቀረው የሰንሰለቱ ጭርርታ ብቻ ነበር። እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ሲያወዛውዝ አረንጓዴ ጥላው ባለቤቴ ጀርባ ላይ ይሄድና ይመጣል፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አየዋለሁ። ባሌ ጀርባው እንዲህ ትንሽ የጎበጠ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

«ጆሮህስ?» አልኩት ጥላ ስር ስናርፍ።

«ድምፁ አለ። ግን ከነፋሱ ጋር ተቀላቅሏል፤ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ትቻለሁ።»

እምድብር አድረን በነጋታው ወደ ጉመር ዳገቱን ጀመርን። ከመንዳት መግፋቱ ይበዛል። እየገፋን ግን እናወራለን። ጅማ መንገድ ላይ ስላየው ነገር ሁሉ፣ ማታ ማታ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲተኛ ስለሚያልመው ሕልም ነገረኝ። ሕልሙ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ መኪናው ውኃ ላይ ይሄዳል። «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» ስለው ትንሽ አሰበና፣ «መቼ?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። አረቅጥ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢያችንን ደራርበን አደርን።

ጠዋት አገሩ በጉም ተውጧል። ሰማይና ምድር አይለይም። የገብሱ ማሳ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ዛፎቹ ብቅ ይላሉ፣ ቆመው ያዩናል፣ ይጠፋሉ። ባለቤቴ ቀደም ብሎ ስለሚሄድ አይታየኝም፤ የላላው ፓራፋንጎው፣ ያ የጭቃ መከላከያ ቆርቆሮ፣ ሲንኳኳ በድምፁ ነው የምከተለው። አንድ መንደር ውስጥ ገብተን ረጅም ጀፎረ እንደጀመርን ድምፁ ቆመ። ጠራሁት። «እዚህ ነኝ!» አለኝ።

ስደርስ ሳይክሉን ይዞ ቆሟል፤ እግሩ ስር አንዲት አሮጊት ከዘራቸውን ታቅፈው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ሻሻቸው ላይ የጉሙ ጠብታ እንደ ዶቃ ተሰድሯል።

«አሰላሙ አለይኩም» አልኳቸው።

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ ልጄ። ደግሞ ሴትም በዚህ ትሄዳለች?»

«ዛሬ ትሄዳለች፣ አዶት» አለ ባሌ። አዶት በአገሩ ቋንቋ እናት ማለት ነው።

ታናሽ እህታቸው ጋ መሄዳቸው ነበር። ቤቷ እዚያው ጀፎረ ላይ ነው፤ ጫፉ ድረስ ግን ሩቅ ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ታማ ተኝታለች፤ እሳቸውም ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከቤት መውጣት ካቆሙ ቆይተዋል። ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው፤ ለአረፋ በመኪና ሲመጡ ዙሪያውን ዞረው ያደርሷቸዋል። በዚያን ጠዋት ግን እህታቸውን በሕልም አዩና አላስችል አላቸው፤ ማንንም ሳያማክሩ በጉሙ ውስጥ ወጡ። የሄዱት ግን የመንገዱን ሩብ እንኳ አይሆንም።

ባሌ አየኝ፤ አየሁት። ጋቢዬን አጥፌ የእሱ ሳይክል የኋላ መጫኛ ላይ አነጠፍኩ።

«ምን ልታደርጉኝ ነው?»

«ልናደርስዎ ነዋ።»

«እኔ እቃ ነኝ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ረጅም ጊዜ ያቺን ሳይክል አዩዋት። «እንግዲህ ብወድቅም ሣር ላይ ነው» ብለው እጃቸውን ሰጡን።

የኔን ሳይክል አጥር ላይ ላስደግፈው ፈራ ተባ ስል፣ «ጀፎረ ላይ የተተወ አይጠፋም» አሉኝ። እሱ መሪውን ይዞ ይገፋል፤ እኔ ወገባቸውን አቅፌ አብሬ እሄዳለሁ። ክብደታቸው የወፍ ያህል ነው። መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው በጸሎት ይንቀሳቀስ ነበር። ቀስ በቀስ ገለጡት። ጉሙ ውስጥ ቤት ብቅ ባለ ቁጥር በጣታቸው እያሳዩ ይነግሩናል፤ እዚህ ነው የተዳሩት፤ እዚያ ጥድ ስር ከእህታቸው ጋር ፀጉር ተጎናጉነዋል፤ የዚያኛው ቤት ሰዎች ግን ሄደው አልተመለሱም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚያወሩት ለእኛ ይሁን ለጉሙ አይታወቅም።

ጀፎረው ወደ ታች ዘንበል የሚልበት ቦታ ስንደርስ፣ «ልጄ፣» አሉት ባሌን፣ «ይሄ ነገር መሮጥ አይችልም?»

«ይችላል። አይፈሩም?»

«ከእንግዲህ ምን ቀረኝና ነው የምፈራው!»

ወገቡን አጥብቀው እንዲይዙት ነገራቸውና ኮርቻው ላይ ወጣ። «ቀስ በል!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ጉሙ ውስጥ ገቡ፤ ነጩ መጋረጃ ከኋላቸው ተዘጋ። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ከታች፣ ከሩቅ፣ የልጃገረድ የሚመስል ሳቅ መጣ። ቆሜ ሰማሁት። እግሬ ሣሩ ላይ ያለ አልመሰለኝም። ከዚያ ተከትያቸው ሮጥኩ።

እህትየዋ በር አጠገብ ፍራሽ ላይ ተኝታ ነበር። የምታስታምማት ምራቷ ናት፤ ከሁለት ቀን ወዲህ እህል እንዳልቀመሰች በሹክሹክታ ነገረችን። ታላቋን ደግፈን ስናስገባ በሽተኛዋ ቀና አለች።

«በምን መጣሽ?»

«በዚህ ሰውዬ ወገብ።»

ግንባር ለግንባር ገጠሙ። ታላቂቱ ቆጮውን በአይብ ጠቅልለው «አ በይ!» አሏት፣ ሕፃን እንደሚያጎርሱ። ታናሺቱ አፏን ከፈተች። ምራቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዓይኗን ጠረገች፤ እኛም ቀስ ብለን ወጣን።

ምራቷ ስልክ ቁጥሬን ተቀብላ ስለነበር ከወራት በኋላ ደወለችልን። ታላቂቱ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ዕቃቸውን አስመጥተው እዚያው ከእህታቸው ጋር መኖር ጀመሩ። በሽተኛዋ ሙሉ በሙሉ ባትድንም ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ «የኔ ፍራሽ ነው፣» «አይደለም፣ የኔ ነው» እየተባባሉ ይጣላሉ።

ያን ዕለት ሳይክሌን ካስደገፍኩበት አምጥተን ጉዟችንን ስንቀጥል ጉሙ መነሳት ጀመረ። የተራራው ጫፍ ላይ ስንደርስ አገሩ በአንድ ጊዜ ተገለጠ፤ ከታች የመስቃን ሜዳ፣ የቡታጅራ ቆርቆሮዎች ብልጭ ብልጭ ሲሉ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሰማይ ይሁን ሐይቅ ያልለየሁት ሰማያዊ ነገር።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስነዳ፣» አለ ባሌ፣ «ሰው አድርሼ አላውቅም ነበር። ጭነት ብቻ ነው።»

ቁልቁለቱን ፍሬን ይዘን፣ ጎን ለጎን፣ ቀስ ብለን ወረድን። ሙቀቱ ከታች እየወጣ ፊታችንን ይዳስሰናል፤ የበርበሬው ማሳ ይሸታል። ከተማው መግቢያ ላይ፣ የመጀመሪያው የመኪና ጡሩምባ ሲሰማ፣ ሁለታችንም ሳንነጋገር ከሳይክላችን ወረድንና መንገድ ዳር ተቀመጥን። እሱ ጫማውን አወለቀ። እኔ ራሴን ትከሻው ላይ ጣል አድርጌ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እስክትገባ እዚያው ቆየን።