የጋሽ ስፖንጅ ደረት

ስፖንጅ ሲወለድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ቀርቶባችኋል! ሁለት ፈሳሽ ነው። አንዱ እንደ ማር የሚጎተት፣ ማንንም የማይነካ ጨዋ ዘይት ነው። ሌላው ቀጠን ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሠራተኞቹም «ቢጫው» እያሉ የሚጠሩት ነው። ሁለቱን ከትንሽ ውሃ ጋር አዋህዶ ትልቅ ሳጥን ውስጥ መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ወተት ይመስላል። ከዚያ ወተቱ ማበጥ ይጀምራል፤ ያብጣል፣ ያብጣል፣ ሳጥኑን ሞልቶ አናቱ ላይ ተንፈስ ይላል። በቃ፣ ፍራሽ ሆነ! ከረጋ በኋላ ሕፃን ቢተኛበት ምንም አይለውም። ነገሩ ሁሉ ያለው ከመርጋቱ በፊት ነው።

በፍራሽ ፋብሪካው ይህን ሥራ እንደ ጋሽ ስፖንጅ የሚችለው አልነበረም። እናቱ ያወጡለትን ስም ሠፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ ሚስቱ እንኳ የምታስታውሰው ስትናደድ ብቻ ነበር። ሰውየው ግን እንኳን ስፖንጅ ሊመስል፣ የጎን አጥንቱ የሚቆጠር ክስ ያለ ሰው ነው።

«ጋሽ ስፖንጅ፣ እስቲ አንድ ቀን አንተም ተነፋ!» ይሉታል ጓደኞቹ።

«እኔ ከተነፋሁ ማን ሊሸከመኝ?» ይላል።

አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አስተማሪው እሱ ነበር። «ትኩሱን ስፖንጅ አትደራርበው። ላዩ በርዶ ውስጡ ከፈላ ውሃ ይብሳል፤ ተደራርቦ ካደረ ከውስጡ ተነሥቶ ይነዳል። ቢጫው በርሜል ውስጥ ውሃ ከገባ ክዳኑን እንዳትጠረቅመው፤ ጋዝ ይፈጥርና በርሜሉን ያፈነዳዋል። ከፈሰሰም ሰጋቱራ አልብሰህ ዞር በል፤ ጨርቅ ይዘህ አጠገቡ እንዳትንበረከክ።»

ታዲያ አንድ ቀን ማን ተንበረከከ መሰላችሁ? እሱ ራሱ! ሳጥኑ ውስጥ ስፖንጁ እያበጠ ሳለ ከበርሜሉ ሥር ቢጫው ሲንጠባጠብ አየ። ሰጋቱራው ሩቅ ነው። ሥራው እንዳይበላሽ ብሎ ያገኘውን ጨርቅ አንሥቶ ጠረገው። አፉ ላይ ያሰረው ለአቧራ እንጂ ለጋዝ የማይሆን ስስ ጨርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳል ያዘው። ሳሉ በዕረፍት ቀን ይተወዋል፣ ሥራ ሲገባ ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ደረቱ ጥርቅም አለና ተሸክመው ወሰዱት።

ሐኪሙ አልሸፋፈነለትም። «ሰውነትህ ያንን ነገር ጠላቴ ብሎ ይዞታል። ከእንግዲህ ለሌላው ሰው የማይሸተው ቅንጣት ያንተን ደረት ለመዝጋት ይበቃል።»

«መቼ ይሻለኛል?»

«ከራቅኸው ትኖራለህ። ወደዚያ ቤት መመለስ ግን የለም።»

ጋሽ ስፖንጅ ቃሉን አከበረ። በፋብሪካው መንገድ እንኳ ማለፍ ተወ። ቤቱ ግን መብላት አለበት፤ ፋብሪካውም ቦታውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠ። ይህ ታናሽ ወንድም ወፈር ያለ፣ ተጫዋች፣ ሳይስቅ የማይውል ልጅ ነው። የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ባልና ሚስት በውስጠኛው ክፍል፣ እናትየውና ታናሽየው በውጪኛው፣ መሐላቸው መጋረጃ ብቻ። ጋሽ ስፖንጅ በብርጭቆ ውሃ እያሳየ ሥራውን አስተማረው። «እጅህ እንዳይቸኩል» አለው። «ቢጫው የሚወደው ችኩል ሰው ነው።»

የፋብሪካው መታጠቢያ ቧንቧ ከደረቀ ቆይቷል፤ ልብስ መቀየሪያው ክፍልም የበርሜል ማከማቻ ሆኗል። ሁሉም ሰው በለበሰው ቱታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታናሽየውም እንደዚያው ይመጣል፤ ቱታውን አውልቆ መጋረጃው አጠገብ ሚስማር ላይ ይሰቅላል።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ስፖንጅ ቀኑን ሙሉ ደህና ውሎ፣ ታናሽየው ማታ ሲገባ ደረቱ ማፏጨት ይጀምራል። ወንድምየው ዕረፍት በሚሆንበት ቀን፣ ቱታው ታጥቦ ውጪ ተሰጥቶ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲሳሳቁ ምንም የለም! በማግስቱ ወንድምየው ከሥራ ሲመለስ እንደገና ያፏጫል።

እናትየው አንድ ቀን ለምራታቸው ሲያወሩ ጋሽ ስፖንጅ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ ሰማቸው።

«ልጄን አውቀዋለሁ። ሕፃን እያለም ለታናሹ አዲስ ጫማ ሲገዛለት ትኩሳት ይይዘው ነበር።»

«ኧረ እማማ፣ የፋብሪካው በሽታ እኮ ነው!»

«ታዲያ ፋብሪካው የት አለና? እዚህ ያለው ወንድሙ ነው። ቅናት ደረት ይዘጋል።»

ጋሽ ስፖንጅ አልቀናሁም ብሎ እንዳይምል፣ ቀንቷል! ታናሽየው «ዛሬ ያነሣነውን ስፖንጅ ብታየው ጋሼ!» ባለ ቁጥር ምነው እኔ በሆንሁ ይላል በልቡ። ያ ሥራ የእሱ ነበር። ስለዚህ እናቱ የተናገሩት እውነት ሳይሆን አይቀርም አለ ለራሱ፤ ወንድሙን አይቶ ትንፋሽ የሚያጣ ክፉ ሰው ሆኛለሁ አለ። ሐኪሙ «ቤት ውስጥ የሚነሣብህ መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «ሲበርድ» ብሎ ዋሸ። ወንድሜ ሲገባ ይባላል እንዴ?

ለቅናቱ መድኃኒት የፈለገው እሱ ራሱ ነው። ያገኘውም መድኃኒት ፍቅር ነበር! ማታ ማታ በር ድረስ ወጥቶ ወንድሙን መቀበል ጀመረ። «ና እስቲ የኔ አንበሳ!» ብሎ እቅፍ ያደርገዋል፤ ፊቱን ቱታው ትከሻ ላይ ቀብሮ ለቀቅ ሳያደርግ ይቆያል። እናቱ እንዲያዩለት ነው። ከዚያ ግድግዳ ይዞ ያስላል፤ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ሐኪሙ የሰጠው፣ በአፉ የሚስበው መድኃኒትም እንደ ድሮው ቶሎ አይደርስለትም።

«ጋሼ፣ ይቅርብህ፤ ገብተህ ተቀመጥና ጠብቀኝ» ይላል ልጁ።

«ምን ማለትህ ነው? ወንድሜን ሰላም አልልም?»

ደረቱ በባሰበት መጠን እቅፉን አጠበቀ። ቅናቴ ቢበረታ ነው ብሎ ይበልጥ ማፍቀር!

ታዲያ ፋብሪካው ታናሽየውን ፍራሽ ከጫነ መኪና ጋር ሌላ ከተማ ላከው። ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ሄደ፤ ቱታውን ሚስትየው በፌስታል ቋጥራ አልጋ ሥር አስገባችው። ጋሽ ስፖንጅም እፎይ አለ። ሳያስል አደረ፤ ውሃ ቀድቶ ገባ፤ የተሰበረች ወንበር በሚስማር መታ።

«አየኸው?» አሉ እናቱ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «እሱ ሲርቅ ደረትህ ተከፈተ። ልጄ፣ ልብህን አጽዳ። ወንድምህ ምን በደለህ?»

መዶሻውን አስቀመጠ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሚስትየው፣ ልጁ ሳይመለስ ልጠብለት ብላ ፌስታሉን ፈታች። ቱታው እጅጌው ላይ የደረቀ ስፖንጅ ተጣብቆበት ድርቅ ብሏል። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ፣ አንገትጌውን ይዛ አራገፈችው።

አልጋው ላይ አረፍ ያለው ጋሽ ስፖንጅ ደረቱን ያዘ። ወደ በሩ ተመለከተ፤ ማንም የለም። ወደ ቱታው ተመለከተ። ከዚያ፣ ትንፋሽ ሳይኖረው፣ ሳቀ!

«የለም… የለም እኮ!»

«ማን ነው የሌለው? አንተ፣ ምን ሆነሃል?»

«እሱ የለም…» እያለ መሬቱን በመዳፉ ይመታል፤ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ጥርሱ ግን አልተከደነም። እሷ ማበዱ ነው ብላ ጮኸች። ጎረቤት ደርሶ ታክሲ ውስጥ አስገቡት፤ እናቱም ጫማ ሳያደርጉ ተከተሉ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ኦክስጅን አፉ ላይ አደረገችለት። አወለቀው። መለሰችው። እንደገና አወለቀው።

«እማዬ… እሱ አልነበረም… ልብሱ ነው።»

«እሺ ልጄ፣ አፍህን ሸፍን።»

«እሺ አትበይኝ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ምን ገባሽ?»

ነርሷ ወደ ሚስትየው ዞረች። «የምን ልብስ ነው?» ሚስትየው ስለ ቱታው ነገረቻት፤ ሚስማሩን፣ መጋረጃውን፣ የየማታውን እቅፍ ሁሉ። ነርሷ እጇን አገጯ ላይ አደረገች። «በየቀኑ ቤት ይገባል? ያ የፋብሪካ ኬሚካል ልብስ ላይ ተጣብቆ ይመጣል እኮ! ለእሱማ መርዙን እቤቱ ድረስ ማምጣት ነው።»

እናትየው አልጋው ላይ ጎንበስ አሉ። ልጃቸው ዓይን ዓይናቸውን እያየ መልስ ይጠብቃል።

«ቱታው ነው» አሉት። «አንተ አይደለህም። የኔ ጌታ፣ አንተ አይደለህም።»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ኦክስጅኑን ነርሷ ስትመልስለት ከዚያ በኋላ አላወለቀም። ደረቱ ግን አልተከፈተለትም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ታናሽየው ካለቀሰ በኋላ ወደዚያው ሥራ ተመለሰ። ወዴት ይሂድ? ቧንቧው ዛሬም ደረቅ ነው። እናትየው ግን ማታ ማታ በባልዲ ውሃ፣ ሳሙናና ንጹሕ ልብስ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ ቱታው ደጃፉን አያልፍም። መጀመሪያ ሰሞን ልጁ ተከራክሯቸው ነበር።

«እማዬ፣ ጋሼ እኮ የለም። ለማን ብለሽ ነው?»

«አውልቅ።»

ያወልቃል፤ ይታጠባል። ከዚያ ሳይለብስ ያስቆሙትና ጆሯቸውን እርጥብ ደረቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። የሠፈር ልጆች ይስቃሉ፤ እሱም መጀመሪያ እየኮረኮረው ይስቅ ነበር። አሁን አሁን ግን መሳቁን ትቷል፤ እሳቸው እያዳመጡ ሳለ እሱም በትንፋሹ መሐል የሆነ ነገር ያፏጭ እንደሆነ ያዳምጣል።