የአመተሥላሴ ጠርሙሶች

የዚያን ቀን ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ነፋስ የለ፣ ደመና የለ። መንዝ ውስጥ በጥቅምት እንዲህ ያለ ሰማይ ሲታይ ሰው ደስ አይለውም። አመተሥላሴ በሯን ከፍታ ስትወጣ መስኩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል። ወደ ገብሷ ሄዳ አንድ ዛላ ቆርጣ በጣቷ ጨመቀችው። እሸቱ ገና ወተት ነበርና ውሃ ሆኖ ወጣ። ሁለተኛ አልቆረጠችም።

ዘመኑ 1996 ነው። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ልጇ ጽናት መሐል ሜዳ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል ትማራለች፤ ግንቦት ላይ ፈተና አለባት። ኪራይዋም ስንቋም ያ ገብስ ነበር። አሁን የቀረው ከቤቱ ጀርባ ክረምቱን ሙሉ ስትኮተኩተው የከረመችው ጓሮ ብቻ ነው፤ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን። እሱንም ገበያ ብታወጣው የሚጠይቃት አልተገኘም፤ ውርጩን የፈራ ሁሉ የራሱን ነቅሎ አውጥቷል።

በዚያው ሰሞን የገበሬ ሴቶችን የምታሠለጥን ወይዘሪት የትምወርቅ የምትባል ልጅ ወደ መንደሩ መጣች። የቆላ ልጅ ናት፤ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ እንኳ ትንቀጠቀጣለች። ባለክዳን አፈ ሰፊ ጠርሙሶችና አንድ ወረቀት ይዛለች። አትክልቱ ተከትፎ ከጨው ውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ጠርሙሱ ውሃ በሞላ ድስት ይቀቀላል፣ ክዳኑ በትኩሱ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ምንም አይነካውም አለች።

አመተሥላሴ ሁዳዴን አሰበች። በሁዳዴ መሐል ሜዳ ላይ አትክልት እንደሚጠፋ ታውቃለች። ገበያ የወጣች ቀን አንዲት ባለሆቴል አትክልቱ እስከዚያ ደህና ሆኖ ከቆየላት ሁሉንም እንደምትወስድላት ነግራታለች።

«ስንት ሰዓት ይቀቀላል?» ብላ ጠየቀች።

«ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት።»

ጎረቤቷ እትዬ ጠጄ ሳቁ። «ግማሽ ሰዓት? የኛ ባቄላ እኮ ጠዋት ተጥዶ ማታም ጥርስ ይሰብራል። ካሮቱ ጨዋ ቢሆን ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ፤ የትምወርቅም አብራ ሳቀች። አመተሥላሴ ግን አልሳቀችም። ልጅ ሆና ቆላ አጣዬ አክስቷ ዘንድ ወርዳ ከርማለች። ያው ከቤቷ ይዛው የሄደችው የመንዝ ባቄላ እዚያ ለምሳ ይደርስ ነበር። አክስቷ፣ «የናንተ አገር ውሃ መንተክተኩን ይንተከተካል፤ አይፈጅም እንጂ» ትላት ነበር። ይህን ተናግራ «ግማሽ ሰዓቱ ለደጋ ውሃ ይበቃል?» ለማለት እጇን ልታነሳ ቃጣት። ወረቀቱን አየችው፤ በመኪና የተጻፈ ነው፣ ማኅተም አለበት። እሷ ከሦስተኛ ክፍል ነው የቀረችው። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አደረገች።

በማግስቱ የትምወርቅ ቤቷ ድረስ መጥታ ሰዓቷን እያየች ከምድጃው አጠገብ ቆመች።

«ሞላ፤ ይውጣ።»

«ትንሽ ባቆየውስ፣ ወይዘሪት?»

«ላሽቆ ገንፎ ይሆንብዎታል። ኩበቱስ አያሳዝንዎትም?»

ኩበቱ ያሳዝናታል። ጠርሙሶቹን አወጣቻቸው።

ቅዳሜ ጽናት ስንቅ ልትወስድ ስትመጣ አሥራ ስምንት ጠርሙስ መደቡ ላይ ተደርድሮ አገኘች። «እማዬ፣ ሱቅ ከፈትሽ እንዴ?» አለቻት። አንዱን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋችው። «እስከ ፈተናው ያደርሱኛል?»

«ያደርሱሻል።»

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት የአንዱ ክዳን አብጦ አየች። በአውራ ጣቷ ስትጫነው ገባ፤ ስትለቀው ተመልሶ ተነሳ። በሳምንቱ የብዙዎቹም እንደዚያው ሆነ። የሁዳዴ ቅበላ ሰሞን ደህና የመሰላትን አንዱን መርጣ ለባለሆቴሏ ወሰደችላት። ሴትየዋ ክዳኑን ዳሰስ አድርጋ ሳትከፍተው መለሰችላት።

«እህቴ፣ በጾም ሰው ልግደል?» አለቻት። በክፋት አልነበረም።

አመተሥላሴ ቤቷ ተመልሳ ከፈተችው። ሽሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። አሥራ ስምንቱንም ከጓሮው ጉድጓድ ቆፍራ ደፋቻቸው። ውሻው መጥቶ አሽትቶ ሄደ።

ጽናት ለስንቅ ስትመጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ የባቄላውንም ነገር አልደበቀቻትም።

«ታውቂው ነበር ማለት ነው?»

«አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

አመተሥላሴ እሳቱን ቆሰቆሰች። «እኔ ምን ተምሬ።»

ጽናት በማግስቱ መሐል ሜዳ ሄዳ ብርድ ልብሷንና ደብተሮቿን ይዛ ተመለሰች። በጾሙ አጋማሽ አንዲት ዘመዳቸው አዲስ አበባ ወስዳ ሰው ቤት አስገባቻት።

ፋሲካ እንዳለፈ የትምወርቅ በመንደሩ ስታልፍ ጎራ አለች። «እንዴት ሆኑልዎ?» አለቻት።

አመተሥላሴ ልጅቷን አየቻት። ከንፈሯ በብርዱ ተሰነጣጥቋል። «ደህና ነበሩ፤ ተበሉ» አለች።

የትምወርቅ ደስ ብሏት ደብተሯ ላይ ጻፈች። ስትሄድ እትዬ ጠጄ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ «ተበሉ አልሽ?» አሉ። «ያ ውሻሽ እንኳ የናቀውን?»

«ምን ልበላት፣ እትዬ ጠጄ።»

በዓመቱ የትምወርቅ ያንኑ ወረቀት ይዛ ራቤል ሴቶች ስታሠለጥን እንደከረመች ተሰማ። አመተሥላሴ ወሬውን ሰምታ የዚያን ዕለት እራቷን አልበላችም። ራቤልም ያው ደጋ ነው፤ ሩቅም አልነበረም፤ ግን አልሄደችም።

ይህ ከሆነ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈው። ጽናት ፈተናውን ሳትወስድ ቀረች፤ ዛሬም አዲስ አበባ ሰው ቤት ትሠራለች። ከጠርሙሶቹ ያልተሰበሩት ጨውና የጎመን ዘር ይቀመጥባቸዋል። አመተሥላሴ እዚያው ቤት ብቻዋን ትኖራለች።