ኮራች የተባልኩበት ዓመት

ዓይኔ ፊት ለፊቱን ደህና ያያል፤ የጠፋብኝ ጎን ጎኑ ነው። ሐኪሙ «ግላውኮማ ነው። ጠብታው ያለሽን ያቆይልሻል፣ የሄደውን ግን አይመልስም» ሲለኝ እሺ ብዬ ወጣሁና መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰው ከንፈሩን ከሚመጥጥልኝ ሞቴን እመርጥ ነበር።

የምኖረው በቅድስቲቱ ከተማ፣ ኢትዮጵያ መንገድ ላይ፣ ደብረ ገነት ገዳም ግቢ ውስጥ ነው። በእኛ ግቢ ሰላምታ ዋዛ አይደለም። ታናሽ ነው ታላቁን ቀድሞ ሰላም የሚል። በየበራቸው የተቀመጡትን መነኮሳት ጎንበስ ብላችሁ «እንደምን አደሩ» ሳትሉ ካለፋችሁ አለቀላችሁ። እኔ ደግሞ ከጎኔ ያለ ሰው ስለማይታየኝ ዝም ብዬ አልፍ ጀመር። ወዲያው «ኮራች» ተባልኩ። «ታልፒዮት ሥራ ካገኘች ወዲህማ ማን ይቻላት!» አሉ። በዚያ የፋብሪካ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያጠፈ የሚኮራ ሰው እስቲ ይታያችሁ!

እልኸኛ ነኝና ሁሉንም እጅ ልንሳ ብዬ ተነሣሁ። አንድ ማለዳ በር ላይ ለተሰቀለ ጥቁር ካባ አጎንብሼ ጤናውን ጠየቅሁት። ከጎን ሳቅ ሰማሁ፤ ማን እንደሳቀ ግን አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስመለስ በሬን መዝጋት ልማዴ ሆነ። ቅዳሴም ቀረሁ። ዓይኔ ሳይጨልም እኔው ቀድሜ ጨለማ ውስጥ ገባሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እማሆይ በሬን አንኳኩ። ከሁሉም አብልጠው የተቀየሙኝ እሳቸው ነበሩ።

«ምን በድዬሽ ነው ፊትሽን የምታዞሪብኝ?» አሉ።

እንደዚህ አዝነውብኝማ መደበቅ አልቻልኩም። «አላየሁዎትም፣ እማሆይ። ዓይኔ እየጠፋ ነው። ፈራሁ» አልኩና ተንሰቀሰቅሁ።

«ይሄን ይዘሽ ነው ዝም ያልሽው? አንቺ ሞኝ!» ብለው ተቆጥተውኝ ሄዱ። ከንፈራቸውን እንኳ አልመጠጡልኝም።

በማግስቱ፣ እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነውና፣ ወደ ሥራ ስወጣ ከግራዬ «እንደምን አደርሽ፣ ልጄ! እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ዞር ስል እማሆይ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበታቸው፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተውልኛል። «በስመ አብ! ኧረ ይቀመጡ!» አልኩ። ከእሳቸው አልፎ አንድ አባ፣ ከዚያ ሌላ እማሆይ፣ እየተቀባበሉ «እኔ ነኝ» እያሉ እስከ ውጭው በር ሸኙኝ። ታላላቆቼ ሁሉ ቀደሙኝ። አፈርኩ። አውቶቡስ ስጠብቅ ዓይኔ ጨርሶ ቢጠፋስ ብዬ አሰብኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራሁም።