ምስር የምታህል ቁስል

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። የምነዳት መኪና ቀይ ነበረች፤ የወንበሯ ፕላስቲክ ሳይቀደድ የተረከብኳት አዲስ። ሥራ አስኪያጃችን ከሰው ይልቅ እሷን ያምናል። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ከመግባቱ በፊት ይዞራታል፣ ኮፈኑን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል። ያለ ትእዛዝ ከከተማ የወጣ የመንግሥት መኪና ያኔ ስሙ አሻጥር ነው። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ይታሰራል፣ ጥያቄው ኋላ ይመጣል።

አንድ ጊዜ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሲሄድ ቁልፉን ለእኔ ተወልኝ። «እሑድ ሐይቁ ዳር ወስደህ እጠባት። ከዚያ ውጪ ንቅንቅ እንዳትል» አለኝ። እሑድ ጠዋት መኪናዋን አውጥቼ ቤት ጎራ ብዬ ቁርስ ስበላ፣ ከባለቤቴ አገር፣ ከቱላ ወዲያ ካለው ገጠር ሰው መጣ። ታናሽ እህቷ ምጥ ከያዛት ሰንብቷል፤ ልጁ አልወርድ ብሏል። ባለቤቴ አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። ቢላዋ ይዛ ጓሮ ገባችና ከእንሰታችን ሰፋፊ ኮባ ቆርጣ ወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«የመኪናዋን ፊት ላስርላት። አንተ የምትፈራው ድንጋዩን አይደል?»

እውነቷን ነበር። አስፋልቱን ቱላ ላይ ትተው ወደ እነሱ አገር ሲገቡ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ጠጠር ያረፈበት ቀለም ደግሞ የት እንደዋለ ራሱ ይናገራል። ኮባውን ደራርባ ከፓራውልቱ እስከ ኮፈኑ ጫፍ በእንሰት ቃጫ ጠፍራ አሰረችው። ሞተሩ እንዳይግል ራዲያተሩ ፊት ለፊት ትንሽ ክፍት አስተውኳት። ቀይዋ ለገበያ የተጠቀለለ ቆጮ መሰለች። እያፈርኩ ነዳሁ።

ስንሄድ ኮባው ሠራ። ስንመለስ ግን ተቦጫጭቆ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። እህትየው የኋላ ወንበር ላይ፣ ባለቤቴ ጭን ላይ ተኝታለች፤ ድምፅዋ እየሰለለ ነው። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያጨሰ ይጎተታል። በደህናው ቀን ቢሆን ርቄ ነበር የምከተለው፤ ከድንጋይ የሚያድነው ርቀት ነው። ያን ቀን ግን ተጠጋሁትና ልቀድመው ወጣሁ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ኮፈኑ ቀው አለ።

«ምንድን ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ድንጋይ።»

«መስታወቱን ነው?»

«ኮፈኑን።»

«ጌታ ይመስገን» አለች።

በጣም ተናደድኩባት። የእኔ አንገት ያለው ኮፈኑ ላይ መሆኑን እያወቀች ነው ጌታዋን የምታመሰግነው።

ሐኪም ቤት እንዳደረስናት ብዙም ሳትቆይ ሴት ልጅ ተገላገለች። እኔ ግን እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት እንኳ አልገባሁም፤ መኪናዋን ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። ቁስሏ ምስር ብታህል ነው፤ ግን ብረቱ ይታያል፣ ሲያድር ደግሞ ይዝጋል። በሰንበት ቀለም የሚሸጥ የለም። ጋራዥ ብወስዳት ወሬው ቀድሞኝ ቢሮ ይገባል። ልብስ ልትወስድ የመጣችው ባለቤቴ አየችኝና ከሣጥኗ የሠርጓን የጥፍር ቀለም አውጥታ ሰጠችኝ። ቀይ ነው።

ቁስሉን በሳሙና አጠብኩት፤ ቅባት እንዳይቀርበት ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረግኩት። በራሱ ብሩሽ ቢቀባ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ የክብሪት እንጨት ሹል አድርጌ በጠብታ በጠብታ ሞላሁት። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ከተጨመረበት ይሸበሸባል፤ መጠበቅ ግድ ነው። እኔ ደግሞ መጠበቅ አቅቶኛል፤ አጥር ሥር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ኮፈኑ ላይ እተኛለሁ። በመጨረሻ ውሃ ባስነካሁት ብርጭቆ ወረቀት ደልደል አድርጌ በጥርስ ሳሙና ወለወልኩት። ኮባውን ፈትቼ መኪናዋን አጥቤ መለስኳት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ኮፈኑን ዳበሰ። እጁ ቁስሏ ላይ ደረሰ። አለፈ። ከዚያ ጎንበስ አለና ከራዲያተሩ ፍርግርግ ውስጥ አንድ ነገር ስቦ አወጣ። ቃጫ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

እሱ የሰሜን ሰው ነው፤ አዋሳ ቢሰነብትም እንሰት የሚያውቀው ከመስኮት ነው። ቃጫውን ሁለት ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገው።

«ሣር ውስጥ አቁመሃት ነበር» አለኝ። «ሐይቁ ዳር ሣር ውስጥ አታቁማት። እርጥበት ብረት ይበላል።»

«እሺ፣ ጓድ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት ዝር አላልኩም። ማን ከማን ጋር እንደሚታይ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው፤ ፈራሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ባለቤቴ አራሷን ይዛ እስከ ቱላ በአውቶቡስ፣ ከቱላ በጋሪ ወደ አገራቸው ልትወስዳት ተነሣች። በዚያው ጠዋት ሥራ አስኪያጁ በዚያው መንገድ ለመስክ ሥራ እንድንወጣ አዘዘኝ።

ኮረኮንቹ ላይ ገባ እንዳልን ጋሪው ከፊታችን ታየ። የባለቤቴን ነጠላ ከሩቅ ለየሁት። አራሷ ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች።

«ቅደመው፣ ረፍዶብናል» አለ ሥራ አስኪያጁ ከጎኔ።

በዚያ ፍጥነት ባልፋቸው ጎማችን የሚፈናጥረው ድንጋይ ያው ያ ድንጋይ ነው። ኮፈን የሚያቆስል ነገር የአራስ ልጅ ግንባር ላይ ሲያርፍ ታየኝ። እግሬን ከነዳጁ አነሣሁ። በሰው እርምጃ ያህል እያዘገምኩ አጠገባቸው ደረስኩ። ባለቤቴ አየችኝ። ወዲያው የነጠላዋን ጫፍ ሕፃኗ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን እንደማታውቀኝ ሰው ወደ ማሳው አዞረች።

«ምን ሆነህ ነው የምታዘግመው?»

«ጠጠሩ እንዳይፈናጠር ነው፣ ጓድ።»

አንገቱን ሰገግ አድርጎ ኮፈኑን አየ። ፊቱ ፈታ አለ።

«እንዲህ ነው የመንግሥት ንብረት የሚጠበቀው» አለኝ።

አመሰገንኩት። ጋሪው በጎን መስታወቱ ውስጥ ወደኋላ እየቀረ ሄደ። የልጅቷን ፊት ገና አላየሁትም ነበር።