ቀስ ብላ የምትወርደው ቀይ መኪና

ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ የጋለ ፍሬን ሸተተኝና ልጅነቴ መጣብኝ። የአጎቴ የጋሼ ሰይድ ቀይ ስፖርት መኪና ያኔም አርጅታ ነበር፤ ኪሎሜትር መቁጠሪያዋ ሞልቶ እንደገና ከዜሮ ጀምሯል። ከጣርማ በር ስንወርድ በከባድ ማርሽ ቀስ አድርገው ይነዷታል፤ ደብረ ሲና ላይም ፍሬኗ እስኪበርድ ይቆማሉ። አንድ ቀን የጭነት መኪና ሲያልፈን ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ስፖርቷን እንግፋልዎት?» ብሎ ጮኸ። አፍሬ ከወንበሩ ሥር ተሸጎጥኩ።

«ቀና በይ እንጂ ልጄ፣ ሰርቀናታል እንዴ?» አሉኝ። «ልቅደም ብል ኖሮ ወላሂ ይቺ ድሮ ቁርጥራጭ ብረት ሆና ነበር።»

ዛሬም ያቺው መኪና እያዘገመች መጣች። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ሲስቁባት ሻሼን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። አጎቴ ግን አውቀውኝ ቆሙ፤ በሩንም ከውስጥ ከፈቱልኝ።